የልጅ ልጄን ያሞገስኩበት ቀን

ልጄ ሥራ ስትውል ልጇን የምይዝላት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ዶራ ሰፈር፣ እኔ ቤት ታመጣልኛለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አቅፋት ትወጣና ከነቦርሳዋ አስረክባኝ በሩጫ ትወርዳለች።

ጢፓት ሃላቭ ግን አብረን ነው የምንሄደው፤ ሕፃናት የሚመዘኑበትና የሚከተቡበት ጣቢያ ነው። ልጅቱ ዓመት የሞላት ጊዜ አኾቷ፣ ነርሷ ማለቴ ነው፣ ጥያቄዋን ትደረድር ጀመር።

"ትቆማለች?" አለች፣ እኔን እያየች።

"ኸረ የት ትቆማለች!"

"ቃላት ትናገራለች?"

"ምን ትናገራለች፣ ዝም ነው።"

"ኢማ!" አለች ልጄ ፊቷ ቀልቶ፤ እናቴ ማለቷ ነው። "ትናንት ከሶፋው እስከ በሩ ብቻዋን ሄዳ የለም እንዴ? 'ማይም' እያለች ውሃ ስትጠይቅ አልሰማሽም?"

አኾቷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ልጄን ታያለች። ሕፃኗ ደግሞ ልታጋልጠኝ የፈለገች ይመስል ከጭኔ ወርዳ፣ ወንበሩን ይዛ ቁጭ ብድግ ትላለች።

ምን ላድርግ፣ አስተዳደጋችን ነው። በጎንደር፣ በኛ መንደር፣ ሰው ስለ ልጅሽ ሲጠይቅሽ ታሳንሺዋለሽ። ወፈረ ካሉሽ ከስቷል ትያለሽ፤ ያምራል ካሉሽ ምኑ ያምራል ትያለሽ። የሰው ዓይን ይፈራል። ልጄንማ የወለድኳት አዲስ አበባ፣ ወደዚህ አገር የሚያመጣንን አውሮፕላን ስንጠብቅ ነው። ያን ጊዜ ሕፃናት በኩፍኝ ያልቁ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ አንድ ጠዋት "የኔስ ደህና ነው፣ ጡቴን አልለቅ አለኝ" ብላ ስትስቅ ሰማኋት፤ ሳምንት ሳይሞላ ለቅሶ ተቀመጥን። ልጁን ሳቋ እንዳልገደለው ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ልጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኋት፤ "እንዴት ናት?" ላለኝ ሁሉ "እንጃላት" እያልኩ እዚህ አገር አደረስኳት። አፌም እንደዚያው ለምዶ ቀረ። ለራሷ ለልጄ እንኳ ማታ ስትጠይቀኝ "ምን በላች፣ ምን ተኛች" ነበር መልሴ።

ከዚያ ብርዱ ገባ። ሕፃኗን ጉንፋን ይይዛታል፣ ይለቃታል፣ ደግሞ ይይዛታል። ብርዱ ሲያልፍ አንድ ነገር አየሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ በድስት ክዳን ትጫወታለች፤ ከኋላዋ ሆኜ በስሟ ጠራኋት። ዝም። የብስኩት ወረቀት አንኮሻኮሽኩ፤ ድሮ ያን ድምፅ ስትሰማ ከመኝታ ቤት ድረስ ትመጣ ነበር። ዝም። ዞሬ ፊት ለፊቷ ስቆም ግን ሳቀችልኝ፣ እጇንም ለብስኩቱ ዘረጋች። ልብ ብዬ ሳስበው "ማይም" ማለቷንም ከተወች ሰንብታለች። ሦስት ቀን እንዲህ እያደረግኩ ፈተንኳት። በአራተኛው ቀን ልጄ ልትወስዳት ስትመጣ ነገርኳት።

"ልጅቱ አትሰማም።"

"ኦፍ፣ ኢማ፣ ደግሞ ጀመርሽ!"

"የምሬን ነው።"

"ያኔም አትቆምም፣ አትናገርም ብለሽ ነበር። ነገ ደግሞ እግር የላትም ትያለሽ።" እየሳቀች ጫማዋን ታደርግላታለች። "ገበያ ስትወስጃት ባለ ቲማቲሙ ሲጮህ ትዞር የለ?"

እውነቷን ነው፣ ትዞራለች። ባለ ቲማቲሙ ሲጮህ እኮ ሌላ ከተማ፣ ቴል ሞንድ ያለ ሰውም ይዞራል።

እነሱ ሲሄዱ በሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ልጄን አልተቀየምኳትም። ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ በውሸት ስጠብቅ ኖሬ፣ እውነቱን የተናገርኩ ቀን የሚያምነኝ ጠፋ። ዳኛ ቢጠራ የሚፈርደው ለሷ ነው። ግን እኔ እየተከዝኩ ልቀመጥ ብል ሕፃኗስ?

በማግስቱ ልጅቱን በጋሪዋ አድርጌ ብቻዬን ጢፓት ሃላቭ ሄድኩ። ቀጠሮ የለኝም። ዕብራይስጤም የገበያ ዕብራይስጥ ነው፤ ለቲማቲም ይበቃል፣ ለጆሮ አይበቃም። መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳጠና ሄድኩ።

አኾቷ ገና ስታየኝ አወቀችኝ። "ሳብታ፣ ምን ሆናችሁ?" አለች፤ እዚህ አያትን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት። ፈገግታዋን ሳይ ያለፈውን እንዳልረሳች ገባኝ። አትሰማም ብላት እሷም ትስቅብኛለች። እንድታምነኝ የቀረኝ አንድ መንገድ ብቻ ነበር። እጄን ሕፃኗ ራስ ላይ ጫንኩና ጀመርኩ።

"ትሄዳለች" አልኳት። "ወንበር ላይ ትወጣለች። በማንኪያ ራሷ ትበላለች፣ ግማሹን ለወለሉ እየሰጠች። ቁልፌን የት እንደምደብቅ ታውቃለች። ጎበዝ ናት። ቆንጆም ናት።" ልጅቱን እርቃኗን አደባባይ ያቆምኳት መሰለኝ። "አሁን ግን ከኋላዋ ስጠራት አትዞርም። ትላቸው የነበሩትን ቃላትም ተወች።"

አኾቷ አልሳቀችም። "ከመቼ ጀምሮ?" ብላ መጻፍ ያዘች። ለልጄ ሥራዋ ላይ የደወለችላትም እሷው ናት።

በሁለተኛው ሳምንት ሦስታችንም ለጆሮ ምርመራ ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን፤ ሕፃኗ እናቷ ጭን ላይ። ድምፅ ከግራ ይመጣል፤ አትዞርም። ከቀኝ ይመጣል፤ አትዞርም። በጣም ሲያጎሉት ብቻ ቀና ትላለች። ልጄ ከንፈሯን የሕፃኗ ፀጉር ላይ አድርጋ ቀረች፤ ወደ እኔ አላየችም። ሐኪሙ በሁለቱም ጆሮዎቿ፣ ከታምቡሩ በስተጀርባ፣ ፈሳሽ ተጠራቅሟል አለን። ካልደረቀ በትንሽ ቱቦ ይወጣል፤ እንኳን በጊዜ መጣችሁ አለ።

አውቶብስ ፌርማታው ላይ ልጄ "ኢማ፣ እኔ እኮ..." አለች።

"ተይው። እኔም ብሆን አላምነኝም ነበር።"

ፈሳሹ አልደረቀም፤ በቱቦው ወጣ። ቃላቱም ቀስ በቀስ ተመለሱ፣ አዳዲሶችንም አስከትለው።

አሁን ልጄ ከሥራ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "ዛሬ ምን አየሽ?" ትለኛለች፤ የምነግራትንም ስልኳ ላይ ትጽፈዋለች። ክፉውን በአንድ ትንፋሽ እጨርስላታለሁ። መልካሙ ላይ ስደርስ ግን ተነስቼ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ድምፄንም ዝቅ አድርጌ አንድም ሳልደብቅ እነግራታለሁ።