ፈረሰ የተባለው ቤት

ሂለቼ ሠላሳ አንድ ዓመት በካምፐን ከተማ ሲጋር ስትጠቀልል የኖረች ሴት ናት። አውራ ጣቷ ከትንባሆው የተነሳ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፤ ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ አልለቀቀም። ምላሷ ስለት ነው፣ ሆዷ ግን ባዶ ነው፤ ቂም አይኖርበትም። ቢያንስ እኔ እንደዚያ እል ነበር፣ ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ። እኔ ጎረቤቷ ፌምቼ ነኝ፤ ቤቶቻችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፣ እሷ ደግሞ ቀስ ብላ ማውራት አትችልም።

የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር በየዓመቱ ግንቦት ላይ አውቶቡስ ተከራይቶ አንዱን የጥንት ከተማ አይቶ ማታ ይመለሳል። ሂለቼ አንድም ጊዜ መጥታ አታውቅም ነበር። "አሮጌ ነገር ለማየት ምን አውቶቡስ ያሳፍረኛል? ቤቴ መስታወት አለ" ትላለች። እ.ኤ.አ. በ1987 ግን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻም የመቀመጫዋን ዋጋ እኔው ከፍዬ ወደ ኤንክሃይዘን ወሰድኳት።

በውሃው መሐል በተሠራው ረጅም ግድብ ላይ ስንሄድ ፊቷን ወደ መስኮቱ አላዞረችም። አባቷን የወሰደው ይኸው ውሃ ነው። ያኔ በግድብ ተዘግቶ ሐይቅ ከመሆኑ በፊት ገና ባሕር ነበር፣ እሷም የስድስት ዓመት ልጅ። የተወለደችበት ቤት ባሕሩን ከሚያግደው ከዳርቻው አሮጌ ግድብ ሥር ባለች መንደር ውስጥ ነበር። እናቷ ከሞተች ከሦስት ዓመት በኋላ ከእህት ወንድሞቿ ብቻውን የቀረላት ታላቅ ወንድሟ ሜይንደርት፣ "ግድቡን ከፍ ሊያደርጉት ስለሆነ ቤቱ ፈርሷል" አላት። አንድ የምድጃ ሸክላ ብቻ እንዲያስቀርላት ለምናው ነበር። "ሁሉም ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ሄደ" ነበር መልሱ። ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ኤንክሃይዘን ስንደርስ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ከከተማው የደወል ማማ በታች ቆመን ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ጥሬውን በሽንኩርት በላን፤ ሂለቼ ዓሣውን በጭራው ይዛ በሁለት ጉርሻ ጨረሰችው። "ከተማው ደግ ነው፣ የመንገዱ ድንጋይ ግን እግር ይበላል" አለች። ደስ እንዳላት ያወቅሁት ሁለተኛ ዓሣ ስታዝ ነው።

ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወደ ከተማው ሙዚየም ተሻገርን። ሙዚየም ይባል እንጂ ሙሉ መንደር ነው፤ ከየባሕር ዳርቻው ጡብ በጡብ ተነቅለው የመጡ ቤቶች ተሰድረውበታል። ሦስት ቤት አየን። አራተኛው አረንጓዴ በር ያለው ትንሽ ቤት ነበር። ሂለቼ ቀድማኝ ገባች። እኔ ስከተል ግንባሬ ከጣሪያው ወራጅ ጋር ተላተመና "ውይ!" ብዬ ጮህኩ። እሷ ከእኔ ትረዝማለች፤ ግን ሳታይ፣ ሳታስብ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው ያለፈችው።

መሐል ወለሉ ላይ ደርሳ ቆመች። ፊቷ ኖራ መሰለ።

ጥቁር ጉርድ የለበሰች፣ ነጭ ቆብ የደፋች ወጣት መረብ እየጠገነች ተቀምጣ ነበር። የድሮ ሴት ሆና እንድትጫወት የተቀጠረች ናት። "ግቡ እመቤቶች፣ ግቡ! ባለቤቴ ባሕር ወጥቷል፤ ለእራት ይደርሳል" አለች በፈገግታ።

"አይደርስም" አለች ሂለቼ።

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። በግድግዳው ውስጥ የተሠራውን፣ እንደ ቁም ሳጥን በር ያለውን አልጋ ከፍታ፣ "እዚህ ውስጥ ሰባት ልጆች እናስተኛለን" አለች።

"አራት ነበርን።"

"ሂለቼ፣ ምን ሆነሻል?" አልኳት ክንዷን ይዤ። እጄን አራግፋ ወደ ምድጃው ሄደች። የምድጃው ግድግዳ መርከብ በተሣለባቸው ሰማያዊ ሸክላዎች ተሸፍኗል። በታችኛው ረድፍ አንዲት መርከብ ተገልብጣ ነበር፤ ሸራዋ ወደ ታች፣ ሆዷ ወደ ላይ።

"እሷን ሁሉም ሰው ይወዳታል! የግንበኛ ስህተት ናት" አለች ልጅቷ።

"የአባቴ ስህተት ናት። እናቴ እስኪሞት ስትጨቀጭቀው ኖራ፣ ከሞተ በኋላ ማንም እንዳይነካት ከለከለች።"

ይህን ብላ ገመዱን ተሻግራ በገመድ በታጠረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከኋላችን የገቡ ሰዎች ቤቱን ሞልተውት ነበር። አንድ ሰውዬ፣ "ወይዘሮ፣ እሱ ቅርስ ነው፣ አይቀመጡበት" አላት።

"እዚህ ቤት የተወለድኩት እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች። "ፈርሷል ብለውኝ አሥራ ስድስት ዓመት አልቅሼበታለሁ!"

ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የትርኢቱ ክፍል መስላቸው ነበር። አንዱ ፎቶ አነሳት። እኔ እስከዛሬ ያ ጭብጨባ ጆሮዬ ላይ አለ። ያላጨበጨበችው ቆብ የደፋችው ልጅ ብቻ ናት። መረቡን ጥላ ተነስታ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ" አለችና እያለቀሰች ወጣች።

የሙዚየሙ ሠራተኞች ቢሮ ወሰዱን። አንድ ትሑት ሰውዬ የቤቱን ፋይል አውጥቶ አነበበው፤ ከዚያም ላንብብላችሁ አይል ነገር ጨንቆት መልሶ ሊከድነው ሞከረ። ሂለቼ ነጠቀችው። ቤቱን የሰጠው ሜይንደርት ነው፤ ፊርማው ሰፍሯል። ከፊርማው በላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ "ሌላ ወራሽ፦ የለም።"

ስልክ ጠየቀች። ወንድሟ ሲያነሳ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ እኔም እሰማው ነበር።

"ሜይንደርት፣ ቤታችን ውስጥ ነበርኩ።"

"ሂሌ... የሙዚየሙ ሰዎች ቤቱን እንውሰደው፣ በሁለት ሳምንት መልስ ስጥ አሉኝ። አለዚያ ይፈርስ ነበር። እንቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"እና ገደልከኝ? የለችም አልክ?"

"አንዴ ካልኩት በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ሙዚየሙ ከተከፈተ ጀምሮ በየዓመቱ መስከረም ላይ ትኬት ቆርጬ እገባለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ እወጣለሁ። ማንም አያውቀኝም።"

"በየዓመቱ?"

"አምና ታምሜ ቀርቻለሁ።"

ስልኩን ዘጋችው። ተመልሰን ካምፐን ስንገባ፣ "ወለሉን አየሽው፣ ፌምቼ? እናቴ እንዲህ ንጹሕ ወለል በሕልሟም አላየች" አለችኝ።

ሙዚየሙ ዕድሜ ልክ በነፃ ግቢ ብሎ ካርድ ላከላት፤ መልሳ በፖስታ ሰደደችው። ከፖስታው ጋር ግን የአባቷን፣ የእናቷንና የአራቱንም ልጆች ስም ከነልደት ዘመናቸው ጽፋ ነበር። ሜይንደርትንም አልዘለለችውም። ዛሬ ስሞቹ በሩ አጠገብ ተለጥፈዋል ይላሉ።

ወንድሟን ለአሥራ አንድ ወር አላነጋገረችውም። በሚያዝያ አንድ ቀን ደውላ፣ "ቅዳሜ ና" አለችው፤ እኔንም፣ "ብቻዬን ከሆንኩ እመታዋለሁ" ብላ አስጠራችኝ። ሰውየው ቅዳሜ መጥቶ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ኢል ዓሣ መወደድ አወሩ። ከዚያ በድንገት፣

"የለችም ብለህ ስትፈርም እጅህ አልተንቀጠቀጠም?" አለችው።

"ተንቀጥቅጧል።"

ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ያመነችው አልመሰለኝም።

"በል ኮትህን አውልቅ" አለች።