ምስጋና በሽኝት ቀን

ትናንት መሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ተቀምጦ፣ «እነዚህ ወጣቶች ለምን አይረጉልንም?» ሲል ዋለ። አንዱ ደመወዝ አለ፤ ሌላው የዘመኑ ልጅ እግሩ አያርፍም አለ። እኔ በመስኮቱ ጣናን አያለሁ። ክረምቱ አደፍርሶታል። ሳላስበው የድሮው ሽኝቴ ትዝ አለኝ።

ያኔ ጥገና ተምሬ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ተቀጠርሁ፤ ግን ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጡኝ። ወደ ማሽኑ እንዲያዛውሩኝ አለቃዬን አቶ ተስፋሁንን በለመንሁ ቁጥር «ታገሺ» ይሉኛል። ሌላ ቃል አይወጣቸውም፤ ክፉም ደግም። ጠዋት ከዓባይ ማዶ ድልድዩን ስሻገር፣ ዛሬ ብቀር ማን ልብ ይለኛል እል ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሁሉ የበቆሎ እሸት ጥብስ ሲሸት፣ አዳማ ሥራ አገኘሁ። መሄዱን ግን አልወደድሁትም። እናቴ ታማ ተኝታለች፤ ከእኔ በቀር አስታማሚ የላትም። መልቀቂያ ያስገባሁት እውነቱን ለመናገር «ቅሪ» እንዲሉኝ ነው።

አቶ ተስፋሁን አነበቡና፣ «መልካም፤ የሽኝት ኮሚቴ ይቋቋም» አሉ።

መቼም በሽኝት አንታማም። ሐይቁ ዳር ዓሣ ተጠበሰ፤ ጋቢ ተገዛልኝ። አለቃዬ ብድግ ብለው፣ «እንደዚች ልጅ ያለ ሠራተኛ አላየሁም። የቤታችን ዓይን ናት» አሉ። ዓሣውን ትቼ ቀና ብዬ አየኋቸው።

ጋቢውን ሲያለብሱኝ፣ «ጋሼ፣ ይኸን ያውቁ ኖሯል?» አልኋቸው።

«እንዴት አላውቅም የኔ ልጅ!»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም?»

«ሠራተኛ ፊት ለፊት ከተመሰገነ ይበላሻል ብዬ ነዋ!»

አለቀስሁ። የፍቅር መስሏቸው አቀፉኝ። ያን ጊዜም ቢሆን «ቅሪ» ቢሉኝ ጋቢውን አውልቄ እቀር ነበር። አላሉም። እናቴን ለጎረቤት አደራ ብዬ ሄድሁ፤ አዳማ በገባሁ በጥቂት ወር አረፈች፤ ለቀብሯ እንኳ አልደረስሁም። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር እስክመለስ ድረስ መሥሪያ ቤት ስቀያይር ኖርሁ፤ የትም ልቤ አልገባም።

ትናንት ከስብሰባው ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሜሮን ሄድሁ። እኔ በምመራው ክፍል ያለች ወጣት ቴክኒሺያን ናት። «ሥራሽ ያኮራኛል፤ እስከ ዛሬ አልነገርሁሽም» አልኋት።

ልጅቱ ደነገጠች። «እትዬ፣ መልቀቄን ማን ነገረዎ? ገና ለማንም አልተናገርሁም እኮ!»

ቅሪ ልላት አፌን ከፈትሁ። ምን ይዤ ቅሪ እላታለሁ? በዚህ ቤት መልካም ቃል የሚሰማው የሚሄድ ሰው ብቻ መሆኑን እሷም አውቃዋለች።