የታጠበው ስፖንጅ

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ዓሣ አይበላም ነበር። “እማማ፣ ያሳደጉትን እንዴት ይበላሉ?” ይለኛል። “ታዲያ ዶሮ የምናሳድገው ለሰላምታ ነው?” ብዬ እስቅበታለሁ። ፒከሪንግተን በምትባለው የፈረንጅ ከተማ ባለው ቤታችን ሳሎን ከሶፋው ጎን ውኃ ሞልቶ ዓሣ የሚያሳድግበት ትልቅ መስታወት ነበረው። ከሥራ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሄዶ እሱ ፊት ይቆማል። እኛ ሰላም የምንባለው ከዓሦቹ ቀጥሎ ነው።

አንድ ቀን ከውኃው ማጣሪያ፣ ከፊልተሩ ውስጥ ስፖንጁን አውጥቶ አሳየኝ። ቡናማ፣ የሚያዳልጥ፣ ኩሬ ኩሬ የሚሸት።

“ውይ፣ ይሄማ ይታጠብ እንጂ!” አልኩት።

“እንዳይነኩት እማማ! ይሄ ቆሻሻ አይደለም፤ ሰፈር ነው።”

እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ዓሣ የሚሸናው እዚያው የሚኖርበት ውኃ ውስጥ ነው። ከሽንቱና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ስፖንጁ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ መርዙን እየበሉ ብዙ ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። እስኪበዙ ሳምንታት ይወስዳሉ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ይፈጃቸዋል፤ ስለዚህ ስፖንጁን ሲያጠራ እንኳ ከመስታወቱ በቀዳው ውኃ ጨመቅ ጨመቅ ብቻ ነው።

“እርሾ ነው በለኛ!” አልኩት።

“አዎ፣ እርሾ ነው” ብሎ ደስ አለው። አሁንም ያ ፊቱ ነው የሚመጣብኝ።

በረዶ በሚጥልበት ክረምት፣ ዳውንታውን መሀል ከተማ፣ መኪናውን ካቆመበት ፓርኪንግ ሳይወጣ ልቡ ቆመ። በቃ፣ እንደዚያ ነው የሆነው።

ለቅሶ ቤት ባለቤት ሥራ አይነካም። እኔና ልጄ ፍራሽ ላይ ተቀመጥን፤ የልጅ ልጄ በመካከላችን። የቤተክርስቲያናችን ሴቶች ቤቱን ተረከቡት። የምትከትፈው ትከትፋለች፣ የምትጠርገው ትጠርጋለች። ብድግ ስል፣ “እትዬ፣ ይቀመጡ! ዛሬ እርስዎ እንግዳ ነዎት” ይሉኛል፣ በገዛ ቤቴ። ተቀመጥኩ። የቧንቧው ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል፤ ማን ምን እንደሚያጥብ ግን ማን ይጠይቃል?

አንዷ ሴት፣ ቀልድ ከአፏ የማይጠፋ፣ እጇን እየጠረገች መጣች። “የዓሣውን ማጣሪያ ስፖንጅ አይታችሁልኛል? ጉድ እኮ ነው! በበረኪና ዘፍዝፌ ነጭ በነጭ አደረግኩት። ከእንግዲህ ዓሦቹ ሸሚዝ ያሳጥቡበት!”

ሴቶቹ ሳቁ። በዚያ ቤት አማቼ ከሞተ ወዲህ የተሰማ የመጀመሪያ ሳቅ ነበር። የልጅ ልጄ ግን “ኖ፣ ኖ፣ ኖ” እያለች ወደ መስታወቱ ሮጠች።

ሴትዮዋ አዛውንት ስታስታምም አድራ፣ ሳትተኛ ነው ለእኛ የመጣችው። ምን ይባላል? “እግዜር ይስጥሽ” አልኳት።

ከዚያ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር መጎንጨት ጀመሩ። ስንጥባቸው ቀላ። የልጅ ልጄ የአባቷን ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ ውኃውን በመመርመሪያ ጠብታ ቴስት አደረገች፤ ቢጫ ከሆነ ደህና፣ አረንጓዴ ከሆነ መርዝ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ባልደርስም አረንጓዴን ከቢጫ እለያለሁ። እንደ ጎመን ነበር።

በባልዲ እየቀዳን ግማሹን ውኃ ቀየርን፤ ክሎሪኑን የሚያበርደውን ጠብታ እየጨመርን። በማግስቱ ደግሞ። “እማማ፣ ስቲል ግሪን” ትለኛለች፤ አሁንም አረንጓዴ ነው ማለቷ ነው። አንዱ ይሞታል፣ ሌላው ይከተላል።

“ዳዲ ሄደ። እነሱ አይሄዱም” አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ። ከእኔ ጋር አማርኛ የምታወራው ሲጨንቃት ነው።

ስፖንጁን ያጠበችው ሴት በስልክ ኮል አድርጋ ልጄን አጽናናቻት። መጨረሻ ላይ፣ “ዓሦቹስ?” አለቻት።

“ደህና ናቸው” አለች ልጄ፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሳ። የልጅ ልጄ ሰማች። ያን ማታ እራት አልበላችም።

በመጨረሻ ብርማው ዓሣ ብቻ ቀረ፣ አማቼ መጀመሪያ የገዛው። አንድ ጠዋት ጎኑ ላይ ተኝቶ አገኘነው። እንደ ፈረንጆቹ ሽንት ቤት ይጣል የሚል አልነበረም። ጓሮ ወጣን፤ መሬቱ በብርድ ደርቆ አካፋ አልቀበል አለ። የልጅ ልጄ በናፕኪን ጠቅልላ አጥሩ ሥር በረዶ አለበሰችው። በረዶው ሲቀልጥ እንደሚወጣ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

“እንግዲህ የመስታወቱን ማሽን እናጥፋው?” አልኳት ስንገባ።

“ኖ። ከውኃው ሥር ጠጠሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አልታጠቡም እማማ። የዳዲ ናቸው። ካላበላናቸው ይርባቸዋል።”

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጃኬቷን ሳታወልቅ መስታወቱ ፊት ትቆማለች። የምትበትነው የዓሣ ምግብ ወርዶ ይበሰብሳል፤ ከብስባሹ መርዝ ይወጣል፤ እነዚያ የማይታዩት ይበሉታል።

ሳምንታት አልፈው በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስታ አሳየችኝ። ቢጫ ነበር፣ ጥርት ያለ። ውኃው ድኗል። አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅኩም። ብልቃጡን አጥባ አስቀመጠችና፣ ማንም ብቅ ወደማይልበት ውኃ ቁንጥር ምግብ ጣል አደረገች።