የጎርጎራ መንገድ

በረዶ በጣለ ማግስት፣ አካፋ አስፋልት ሲፍቅ ስሰማ፣ በሰው አገር ያደግሁበት የኦሮራ አፓርታማ ይመጣብኛል። እንዲህ ባለው ቀን ታክሲ ነጂው አባቴ ቤት ይውል ነበር፤ ጓደኛው ጋሽ መላኩም ጫማቸውን እያራገፉ ገብተው፣ ከባሕር ዳር ጎርጎራ በየት በኩል መሄድ እንደሚሻል ሲከራከሩ ይውሉ ነበር።

አያቴ ከጣና ማዶ፣ ጎርጎራ አጠገብ ባለች የገጠር መንደር ትኖር ነበር፤ ታማ ስለነበር አባዬ ሊያያት ቆርጦ ተነስቷል። ጋሽ መላኩ «በመኪና፣ በጎንደር ዙረህ ግባ» ይሉት ነበር። አባዬ ግን በጀልባ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነበር፤ በወጣትነቱ ባሕሩን ተሻግሮ ሲወጣ እናቱ ዳር ቆማ ሸኝታዋለችና፣ ሲመለስም ከዚያው ቆማ እንድታየው ፈለገ። «በመኪና ብገባ፣ እንደ ሌባ በጓሮ መግባት ነው» ይል ነበር። እኔ አያቴን በፎቶ እንጂ አላውቃትም። ሶፋው ላይ ከአባዬ ጎን ተጠግቼ እቀመጥ ነበር፤ ልቡ ግን ባሕር ማዶ ስለነበር አጠገቡ ሆኜም ይናፍቀኝ ነበር።

በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲልም ትኬት አልተቆረጠም። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ጣና ላይ ማዕበል ይበረታልና፣ «መስከረም ይጥባ፣ ባሕሩም ይረጋ» አለ አባዬ።

«አንተ ሰውዬ፣ እናትህ የምትጠብቀው አንተን እንጂ ጀልባህን አይደለም» አሉት ጋሽ መላኩ።

በነሐሴ እናቴ በስልክ አንድ ነገር ሰምታ ዝም አለች። አባዬ እራት ላይ ስለ ጀልባው ማውራት ሲጀምር ተነስታ ሳህን ታጥብ ነበር፤ የታጠበውን ደግማ ስታጥብ አይቻለሁ። መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርምና፣ ሰው ከሥራ የሚያርፍበትን እሑድ እየጠበቀች ነበር።

እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ እሑድም የማያርፈው አባዬ ሥራ ሊሄድ በሩን ሲከፍት፣ ጋሽ መላኩና የሰፈራችን ሐበሾች ነጠላ ለብሰው ኮሪደሩን ሞልተው ቆመዋል። እኔ ከኋላው ሆኜ «አባዬ፣ ፓርቲ አለ እንዴ?» አልኩት። ማን እንደሞተም አልጠየቀም። «በመኪና ብሄድ ደርሼ ነበር» ብሎ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ቤታችን በለቀስተኛ ሲሞላ እኔን ያስታወሰ አልነበረም፤ ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ፣ ለአያቴ ይሁን ለአባዬ ዛሬም አላውቀውም።

አሁን እኔ ከኦሮራ ጥቂት ራቅ ባለችው እንግልውድ እኖራለሁ። ጋሽ መላኩ አርፈዋል፤ አባዬ ጡረታ ወጥቶ እዚያው ኦሮራ ነው። ባለፈው መስከረም «አብረን ሄደን መቃብሯን እንይ» አልኩትና መንገዶቹን ስልኬ ላይ አሳየሁት። ያኔ አንዱን መንገድ ሲያነሳ ሌላውን ሲጥል ቀኑ አይበቃውም ነበር፤ አሁን መነጽሩን እንኳ አላደረገም።

«በጀልባ ይሻልሃል ወይስ በመኪና?» አልኩት።

«በፈለግሽው» አለኝ፤ «አሁንማ በየቱም ብንሄድ አንዘገይም።»