ለአንድ ሰው ብቻ የተቆለፈ ሙሾ

ባለቤቴ የተቀረጸችበትን ቀን በትክክል አላስታውሰውም። ገብሱ ታጭዶ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ከገነተ ማርያም ወደ ላሊበላ ስንሄድ ነዶው በየማሳው ተከምሮ ነበር።

እሷ በአካባቢያችን የታወቀች አስለቃሽ ነበረች። ላሊበላ የአገሩን ሠርግና ለቅሶ በቪዲዮ እየቀረጹ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስቀምጡበት ቤት ተከፍቶ ኖሮ ሙሾዋን ፈለጉት። የፈለገ ሁሉ እየገባ ያየዋል ሲሏት እምቢ አለች። ሬሳ በሌለበት ማልቀስ ሟርት ነው። የሚቀርጸው ሰውዬ ለመናት።

"እማማ፣ እርስዎ ለፈቀዱለት ሰው ብቻ እንዲከፈት አድርጌ እቆልፈዋለሁ።"

"እንግዲያው ለባሌ ብቻ። ያውም እኔ ስሞት" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "በል ውጣልኝ ሽማግሌው፤ አንተ እያየኸኝ አላለቅስም። ጋቢህን ደግሞ ልበስ፣ ውጭው ብርድ ነው።"

በሩ ላይ ሰውዬው ስሜን ጠየቀኝ። ለሙሾ የሚጻፍ ስም ለፍትሐት የሚጻፍ መሰለኝና የክርስትና ስሜን ነገርኩት። ጋቢዬንም እዚያው ረስቼው ወጣሁ።

ሁለት ክረምት ቆይታ ሞተች። አርባዋ ከወጣ በኋላ ፊቷ ይጠፋብኝ ጀመር። ያለችኝ የመታወቂያዋ ፎቶ ናት፣ እሷም ደብዝዛለች። ድምፅዋንማ ከየት አመጣዋለሁ? ተነሥቼ ላሊበላ ወረድኩ። የቀረጸው ሰውዬ ወደ ወገል ጤና ተዛውሮ በቦታው አንዲት ሴትዮ ነበረች። መታወቂያዬን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች።

"አባባ፣ እንዲያይ የተፈቀደለት ሰው ሌላ ነው።"

"ባሏ ነኝ እኮ!"

"የተጻፈው ስም የእርስዎ አይደለም።"

"እና ማን ነው?"

"እሱን መናገር አልችልም።"

"ሌላ ባል አልነበራትም፣ ልጄ!"

ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት፤ እኔን ግን እንባ ቀደመኝ። ወዲያው አፍራ ወንበር ሰጠችኝ። ፈቃዱን የሚቀይረው ሙሾውን የሰጠው ሰው ነው አለችኝ። የሰጠችው ደግሞ አፈር ውስጥ ናት።

ያን ቀን አገሩን ሁሉ ተሸክሜ የተመለስኩ ያህል ደከመኝ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፣ ግን "ልጄ" ነው የሚሉኝ።

"ልጄ፣ የትኛውን ስም ነው የሰጠኸው?"

ይኼኔ ትዝ አለኝ። በማግስቱ የደብሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው አብረውኝ ወረዱ። ሴትዮዋ አንብባ የክርስትና ስሜን ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ከተጻፈው ጋር አስተያየችና ከፈተችው።

ባለቤቴ ኮምፒውተሩ ላይ መጣች። ገና ሳትጀምር ወደ በሩ እያየች ትስቃለች። ከዚያ የረሳሁትን ጋቢ አነሣችና፣ የሟች ልብስ ለቅሶ ላይ እንደሚዘረጋው፣ ከፊቷ ዘረጋችው።

"ጋቢህን ሳትለብስ በብርድ የወጣኸው፣
እኔ ሳልከተልህ ማን ሊያለብስህ ነው?"

ለእኔ ነበር ያለቀሰችልኝ። ቀድሜያት የሞትኩ አስመስላ። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ የሞተችው እሷ ናት።

የንስሐ አባቴ ብድግ ብለው ከትከሻዬ የወረደውን ጋቢ መልሰው አለበሱኝ።

ስንወጣ ሴትዮዋ "አባባ፣ ባለቤትዎ ስለሌሉ ፈቃዱ አሁን የእርስዎ ነው፤ ለሌላውም ልክፈተው?" አለችኝ።

"ተይው፣ እሷ እንደዘጋችው ይሁን" አልኳት።

"ከእርስዎ በኋላስ? ማንም ላያየው ነው። አንድ ሰው እንኳን ላስገባ?"

"አስገቢ" አልኳት፣ "የንስሐ አባቴን።"