እንገር ሰብሳቢዋ ዶና ዡሬማ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ምንም አለመሽተታቸውን ነበር። በወንዝ ዳሯ ከተማችን በቤሌም ሰው ሽቶ ሳይቀባ ደጅ አይወጣም፤ ዓሣ ሻጩ እንኳ አንገቱ ላይ ያርከፈክፋል። ዶና ዡሬማ ግን የእናት ወተት ሰብሳቢ ናቸው። ወተት ሽታ ይይዛል ብለው ሽቶ ከተዉ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። በረዶ የሞላ ሣጥናቸውን አንግተው ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ የሰበሰቡትን ለሆስፒታሉ ጨቅላዎች ያደርሳሉ።

እህቴ ሮዚኔቺ በሰባት ወሯ ወልዳ፣ ልጇን ሆስፒታል ትታ ተመልሳ ነበር። በማግስቱ ዶና ዡሬማ እህቴ የላከችውን እንገር፣ ያንን የመጀመሪያ ወፍራም ወተት፣ መልሰው አመጡት።

«ይሸታል። አንቺ ልጅ፣ በምን እጅሽ ነው ያለብሽው?»

«ላም አደረጉኝ እንዴ፣ ዶና ዡሬማ?»

«ላም እንኳ ጡቷን ሽቶ አትቀባም።»

እህቴ አቀረቀረች። ልጁ ዕድለኛ እንዲሆን ብላ እናታችን በቀቀለችው የመዓዛ ቅጠል ውሃ ታጥባ ነበር። እኛ ዘንድ አራስ ሁሉ በዚያ ውሃ ይታጠባል።

«እኔንም እናቴ በሱ ነው ያጠበችኝ፤ ምን ሆንኩ?»

«አንቺ በጊዜሽ መጣሽ፣ ስንቅሽን ይዘሽ። እናት ያለፈችበትን በሽታ ደሟ ያስታውሰዋል። መከላከያውን ለልጇ አብዝታ የምታቀብለው በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። ያንቺው ሳይጠግብ ወጣ። ሰውነቱ ገና ማንንም አያውቅም፤ ጠላቱን ከጎረቤቱ አይለይም።»

«ታዲያ ምን ይሻለዋል?»

«እንገርሽ አለ አይደል? ቅጥራን ጀልባን እንደሚለብጥ አንጀቱን ይለብጥለታል። ጀርም የሚገባበት ቀዳዳ ያጣል።»

እህቴ በንጹህ ውሃ ታጥባ፣ ፀጉሯን ሸፍና ተቀመጠች። ከብዙ ሙከራ በኋላ ዶና ዡሬማ በሰጧት ጠርሙስ ሥር የተጠራቀመው ወፍራም ቢጫ ነገር አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

«ለዚች ብለው ነው የሚለፉት?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ልጅሽ እኮ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። በጆግ ልትግቺው አምሮሽ ነበር? ሁለት ጠብታ በዚህ ጉንጩ፣ ሁለት ጠብታ በዚያ ይቀቡለታል።»

ጠርሙሱን አየሁት። እህቴን በልጅነቷ ያንቀጠቀጣት ትኩሳት፣ እኔን ስታስታምም የያዛት ጉንፋን፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ለልጇ የተላከ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ተቀምጧል። ማመን አቃተኝ።

ዶና ዡሬማ አሸተቱት። እህቴ ታያቸዋለች።

«ይሄ ይሄዳል» አሉና በረዶው ውስጥ ቀበሩት።

ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ጃንጥላ ይዤ ልሸኛቸው ተነሳሁ። «አንተ ተቀመጥ፤ ይልቅ ዓሣ ጥበስላት፣ ነገም እፈልጋታለሁ» አሉኝ። ሣጥኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ውሃው ላይ በተዘረጋው የጣውላ መንገድ ሄዱ።