ነፋሻው ተራራ

ጌዶ ያደገ ሰው ተራራ ሲባል የሚታየው ምንጭ፣ ሣርና ብርድ ነው። ቆላ ሲባል ደግሞ ባኮ፣ ባኮ ሲባል ወባ። ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ባሏን የቀበረችው ባኮ በቆሎ ሊሰበስብ ወርዶ ሲንቀጠቀጥ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደው ትልቁ ልጇ ምጽዋ አጠገብ ተራራ ላይ መመደቡን ስትሰማ እግዜርን አመሰገነች። «ቱሉን ወያ» አለች፤ ተራራ ይሻላል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልጋ ቡሉኮ ላከችለት።

እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ያንን ተራራ የጂኦግራፊ መምህራችን አስተምሮናል። ገደም ይባላል። ከባሕሩ ዳር ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ አናቱ ላይ ለቆመ ሰው ምጽዋ የምትገባ መርከብ አታመልጠውም። በስተደቡቡ የጥንቱ አዱሊስ ወደብ ነበር። ቱርክም ግብጽም ጣሊያንም ያንን ዳርቻ ተቀባብለውታል። ዝናቡ እንደኛ በክረምት ሳይሆን በበጋ ይመጣል፣ እሱም ከመጣ ነው። እዚያ የወጣ ጦር ውኃ የሚመጣበት መንገድ ከተቆረጠበት ያለ ጥይት ያልቃል አለን። የሚያወራው ስለ ድሮ ወታደሮች ነበር፤ ስለማን እንደሆነ ግን ሁላችንም ገብቶናል።

አፈሳ ሲጀመር ሴትዮዋ ትንሹን ልጇን ቆጥ ላይ ደበቀችው። የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። አልጮኸም፣ አልፈተሸም። እኛ ከያዝነው ዕጣው ወደ ጣለው ቆላ ይሄዳል፤ በእጅሽ ካመጣሽው ግን ወንድሙ ካለበት ተራራ አስመድበዋለሁ አላት። መጀመሪያ መምህሩን ልጠይቅ አለች። አማርኛዋ ብዙም ስላልሆነ እንዳስተረጉምላት እኔን አስከተለች። ሊቀመንበሩም አብሮን መጣ።

መምህሩ ደጁ ላይ ካልሲ እያጠበ ነበር። ቦታው ለሰው ይስማማል ወይ ብላ መጠየቋን ነገርኩት። ሊቀመንበሩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ተራራ ነው እናቴ፤ ነፋሻ ነው» አለ።

አንድም ውሸት የለበትም። እስከ ዛሬ የምጠላው ለዚህ ነው።

ሊቀመንበሩ እንደተለየን እውነቱን ነገርኳት፤ እዚያ ምንጭ የለም፣ መምህሩ ራሱ ክፍል ውስጥ እንዲህ ብሎ አስተምሮናል አልኳት። ቆመች።

«አንቺ ከመምህሩ ትበልጫለሽ?» አለችኝ በኦሮምኛ።

በማግስቱ ልጁን ከቆጥ አወረደችው። አናቱን ቅቤ ቀብታ፣ እጁን ይዛ ቀበሌ ወሰደችው። ሊቀመንበሩ በሕይወቱ አንዴ ቃሉን ጠበቀና ወንድሙ ጋ አስመደበው።

ከሁለቱ አንዳቸውም አልተመለሱም። የተመለሰው እግሩን ያጣ የጌዶ ልጅ ነው። ጥይት ይሆን ብላ ስትጠይቀው እንዳልሆነ ነገራት፤ መንገዱ ተቆርጦ ውኃ መውጣት አቁሞ ነበር፣ ትልቁ ቀድሞ፣ ትንሹ በማግስቱ። ሰፈሩ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እያለ ያማት ጀመር፤ ለቅሶ ተቀምጠው የበሉት ራሳቸው።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ቤታችን መጣች። ያኔ መንገድ ላይ ያልሽኝን ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ያኔ ለምን አልጮህሽም?» አለችኝ።

መምህሩን አልጠየቀችውም። ሊቀመንበሩንማ መንገድ ላይ ስታገኘው ጎንበስ ብላ ሰላም ትለው ነበር።